ከሐይቅ ሥር የወጣ የፈረስ ዕቃ፦ የኮለቲዬር ምሽግ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ የአልፕስ ተራሮች መነሣት በሚጀምሩበት በኢዜር አውራጃ፣ ፓላድሩ የሚባል ሐይቅ አለ። በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ፣ ሻራቪን በተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ኮለቲዬር ከሚባለው ዳርቻ ውኃ ሥር ከሺህ ዓመት በፊት የተተወ የእንጨት ምሽግ ፍርስራሽ ይገኛል። ከፍርስራሹ መካከል ልጓም፣ እርካብ፣ የፈረስ ኮቴ ብረት፣ እንዲሁም ጋላቢው ተረከዙ ላይ አስሮ ፈረሱን የሚወጋበት ሹል ብረት ወጥቷል።

እንዲህ ያለ ዕቃ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ሞልቷል። አብዛኛው ግን ገበሬ ሲያርስ ያገኘው፣ ነጋዴ ያሻሻጠው፣ ወይም ከአሮጌ ግንብ ሥር ተጭሮ የወጣ በመሆኑ ማን እንደተጠቀመበትና ከምን ጋር አብሮ እንደኖረ ማወቅ አይቻልም። የኮለቲዬሩ ግን እያንዳንዱ የተኛበት ቦታና የነበሩት ጎረቤቶቹ ተመዝግበው ነው የወጣው። በዚህም ምክንያት ስለ መካከለኛው ዘመን ፈረሰኛ ከመጻሕፍት የምናውቀውን ሥዕል አናግቷል። ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያ፣ ለታሪክ ተማሪና ለቤተ መዘክር ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የሆነ ቁፋሮ ብዙ አላውቅም።

በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቁፋሮውን የመሩትንና የተሳተፉበትን ሰዎች በሙያቸው እንጂ በስማቸው አልጠራም።

ዳራ

ፓላድሩ ርዝመቱ ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጠባብ ሐይቅ ነው። በዳርቻው ነጭ የኖራ ደለል ተነጥፏል። የአካባቢው ሰዎች በውኃው ሥር አርስ የምትባል ከተማ በነዋሪዎቿ ኃጢአት ምክንያት ሰጥማለች እያሉ ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ውኃው ሲጎድል የካስማዎች ጫፍ ይታይ ስለነበር አፈ ታሪኩ ከባዶ የተነሣ አልነበረም።

በ1854 በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ሐይቅ ዳርቻ ውኃው ጎድሎ የቅድመ ታሪክ መንደር ካስማዎች ከታዩ በኋላ በአልፕስ ዙሪያ ያሉ ሐይቆች ሁሉ ይፈተሹ ጀመር። ወደ ፓላድሩም ከሊዮን አንድ ተመራማሪ መጥቶ ግራንድ ሮዞ ከተባለው የሐይቁ ክፍል የብረት ዕቃዎችን ሰበሰበ። ዕቃዎቹ የድንጋይ ዘመን አለመሆናቸውን በትክክል ለይቷል። ቅርጻቸውን ብቻ ተከትሎ ግን በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ9ኛው መጀመሪያ የነገሠው የፍራንኮች ንጉሥ የሻርለማኝና የተተኪዎቹ ዘመን ናቸው ብሎ ደመደመ። ይህ ግምት ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታረም ቆይቷል።

ምሽጉ በእርግጥ የተሠራው በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ የቡርጉንዲ መንግሥት ግዛት ነበር። ንጉሡ ሦስተኛው ሩዶልፍ ከ993 እስከ 1032 ቢነግሥም በሩቅ አውራጃዎች ላይ ያለው ሥልጣን የላላ ነበር፤ በ1023 የቪየንን ግዛት ለከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ እስከ መስጠት ደርሷል። ወራሽ ልጅ ሳይተው በሞተ ጊዜ ዘውዱ ለጀርመኑ ሁለተኛው ኮንራድ ተላለፈ። ማዕከላዊ ሥልጣን እንዲህ ሲላላ በየአካባቢው አቅም ያላቸው ሰዎች ጫካ እየመነጠሩ፣ አዲስ መሬት እየያዙና ቅጥር እየቀጠሩ መቀመጥ ጀመሩ።

ያን ጊዜ የአየር ጠባዩ ደረቅ፣ የሐይቁም ውኃ ዝቅተኛ ነበር። ከዳርቻው ወደ ውስጥ የገባ የደለል ምድር ደርቆ ለመኖሪያ ተመቸ። ከ1003 በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ዛፎች ተቆርጠው ሦስት ትልልቅ የእንጨት ቤቶች ተሠሩ፤ ዙሪያቸውም በእንጨት ቅጥር ታጠረ። የግቢው ስፋት ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር አይሞላም። በሐይቁ ዳር ሌሎች ሁለት ተመሳሳይ መንደሮች ነበሩ፤ ግራንድ ሮዞና ፕሬ ዳርስ ይባላሉ።

ኑሮው ከአንድ ትውልድ ብዙም አላለፈም። በ1030ዎቹ የሐይቁ ውኃ ከፍ እያለ መጣና ነዋሪዎቹ ግቢውን ጥለው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ተመልሶ አልሰፈረበትም።

ችግሩ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቦታው ከሁለት በኩል አደጋ ላይ ወደቀ። ሐይቁ መዝናኛ እየሆነ በመምጣቱ በዳርቻው የግንባታ ሥራ ተቃርቦ ነበር። ደለሉን የሚሸረሽረው ማዕበልም እንጨቶቹን እየገለጠ ነበር፤ የተገለጠ እንጨት ደግሞ ብዙ አይቆይም።

ከዚህ የከበደው ግን የዕቃዎቹ ባሕርይ ነበር። በኖራ ደለል ውስጥ አየር ስለማይገባ እንጨት፣ ቆዳ፣ የእህል ፍሬና ክር ሳይበሰብሱ ሺህ ዓመት ይቆያሉ። ብረትም ከደረቅ መሬት በተሻለ ይጠበቃል። ዕቃው ከደለሉ በወጣ ሰዓት ግን ጥፋቱ ይጀምራል። ውኃ የጠገበ እንጨት ከውስጡ ተበልቷል፤ ቅርጹን የያዘለት ውኃው ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ይኮማተራል። ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ብረት አየር ሲያገኝ ዝገቱ ይፈጥናል፣ ፊቱም እየተላጠ ይወድቃል። ስለዚህ ከውኃ ዕቃ ማውጣት በራሱ ማዳን አይሆንም፤ ሳይዘጋጁ ያወጡት ዕቃ ሐይቁ ውስጥ ቢቀር ይሻለው ነበር።

የፈረስ ዕቃ በዚህ ረገድ ከሌላው ይብሳል። አንድ ልጓም ብረትና ጠፍር ነው። ተረከዝ ላይ የሚታሰረው ብረት ከቆዳ ማሰሪያና ከዘለበት ጋር ይሄዳል። ኮርቻ እንጨት፣ ቆዳ፣ ጨርቅና ሚስማር በአንድ ላይ ነው። ብረቱን የሚያድነው የአልካላይን መታጠቢያ ቆዳውን ያበላሻል። እንጨቱንና ቆዳውን የሚያድነው ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለው ሰም መሰል ውህድ ደግሞ ብረቱን ይበላል። ሁለቱን ሳይለያዩ ማከም አስቸጋሪ ነው፤ ቢለያዩ ደግሞ እንዴት ተያይዘው እንደነበር የሚያሳየው ማስረጃ ይጠፋል።

የትርጉም ችግርም ነበር። የተመሸገ ግቢ፣ የጦር መሣሪያና የፈረስ ዕቃ ያየ ሰው የባላባት ምሽግ ነው ይላል። ማጭድ፣ የዓሣ መረብና እንዝርት ያየ ሰው የገበሬ መንደር ነው ይላል። በኮለቲዬር ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቁፋሮው በ1972 ተጀምሮ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ቀጠለ። ውኃው ጥልቅ አይደለም፤ ጥቂት ሜትር ነው። ችግሩ ብርሃን ነበር። ደለሉ በእጅ ሲነካ ውኃውን እንደ ወተት ስለሚያደርገው ጠላቂው እጁን እንኳ ማየት ያቅተዋል። መፍትሔው በስዊስ ሐይቆች ከሚሠሩ ባልደረቦች የተገኘ ነው፤ ብዙ ቀዳዳ ካለው ቧንቧ ንጹሕ ውኃ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተረጨ ደለሉን ከጠላቂው ፊት ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሐይቁ ወለል በብረት ማዕቀፍ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ካስማ፣ እያንዳንዱ የብረት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ የጫማ ቅዳጅ በቦታው ከተሣለና ከተለካ በኋላ ብቻ ይነሣ ነበር። የወጣው ደለል በወንፊት ይታጠባል፤ የእህል ፍሬና የዓሣ አጥንት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ዘመኑን የወሰነው የዛፍ ቀለበት ቆጠራ ነው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዝናቡ ሲመች ሰፊ፣ ሲከፋ ጠባብ። የሰፊና የጠባብ ቀለበቶቹን ቅደም ተከተል ዘመኑ ከታወቀ እንጨት ጋር በማስተያየት ካስማው የተቆረጠበትን ዓመት ማወቅ ይቻላል፤ ልጡ ካልተላጠ ወቅቱንም ጭምር። በዚህ መንገድ የግንባታው መጀመሪያ፣ ቤቶቹ የታደሱባቸው ጊዜያትና የመጨረሻው ጥገና ተለዩ። በዕቃ ቅርጽ ሲገመት የኖረው ዘመን በአንድ ጊዜ ከክፍለ ዘመናት ግምት ወደ ዓመታት ወረደ።

ከቁፋሮው ጎን ለጎን የአበባ ብናኝ፣ የእህል ፍሬና የእንስሳት አጥንት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሠርተዋል። ነዋሪዎቹ ጫካ መንጥረው እህል እንደዘሩ፣ ዋልነትና ቼስትነት የተባሉ የዛፍ ፍሬዎችን እንደተመገቡ፣ ከሥጋ ደግሞ በብዛት የአሳማ ሥጋ እንደበሉ የታወቀው ከዚህ ነው።

የእንጨቱና የቆዳው ሕክምና በግሬኖብል የተከናወነ ሲሆን፣ በዚያች ከተማ የሚገኘው የኑክሌር ምርምር ማዕከል በ1970ዎቹ የጨረር ኃይልን ለቅርስ ጥበቃ የሚያውል ክፍል አቋቁሞ ነበር። በዚያ ከሚሠራባቸው ስልቶች አንዱ እንጨቱን በፈሳሽ ሙጫ ካጠገቡ በኋላ በጋማ ጨረር ማጠንከር ነው፤ ሌላው በፖሊኢትሊን ግላይኮል አጥግቦ በበረዶ ማድረቅ ነው። ቁፋሮው ከቤተ ሙከራው በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይርቅም። ይህ ቅርበት ለውጤቱ ያደረገው አስተዋጽኦ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የፈረስ ዕቃዎቹ ምን አስረዱ

ከሁሉም በላይ አነጋጋሪው ክፍል ይህ ስለሆነ በዝርዝር አየዋለሁ።

የኮቴ ብረት ከፈረስ ዕቃ ሁሉ ቶሎ የሚጠፋና ቶሎ የሚተካ ነው። በአገራችን ደጋ ፈረስ በባህሉ ያለ ብረት ስለሚኖር የዚህን ትርጉም ማብራራት ያስፈልጋል። እርጥብና ጭቃማ በሆነ አገር ኮቴ ይለሰልሳል፣ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ይበላል። ብረቱ ይህን ይከላከላል፤ ፈረሱም ጭነት ተሸክሞ በክረምት መንገድ እንዲሄድ ያስችላል። የ11ኛው ክፍለ ዘመን የኮቴ ብረት በጠርዙ ይታወቃል፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሞገድ የሠራ ነው። ቀጥቃጩ ቀጭኑን ብረት በትኩሱ በስድስት ቦታ ሲበሳው ብረቱ በየቀዳዳው አንጻር ወደ ውጭ ያብጣል። ሚስማሩም ራሱ ጠፍጣፋና ግማሽ ክብ ስለሆነ ከብረቱ ወጣ ብሎ መሬት ይቆነጥጣል። ሚስማሩ ሲያልቅ ይለወጣል፤ ስለዚህ ብረት የተጫማ ፈረስ ያለበት ቦታ ሁሉ ብረት ቀጥቃጭ በቅርብ መኖር አለበት። በኮለቲዬርም የብረት ሥራ በግቢው ውስጥ ይሠራ እንደነበር ምልክቱ ተገኝቷል።

እርካብ ወደ አውሮፓ የገባው ከእስያ በመጡት በአቫሮች በኩል፣ በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1962 አንድ ታዋቂ የታሪክ ሊቅ የባላባት ሥርዓት የተወለደው ከእርካብ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ፈረሰኛ እግሩን እርካብ ላይ ተክሎ ጦሩን ብብቱ ውስጥ ይዞ መውጋት ሲችል፣ እንዲህ ላለው ውድ ተዋጊ መሬት መስጠት ግድ ሆነ ነው ነገሩ። ሌሎች የታሪክ ሊቃውንት ወዲያው ተቃወሙት፤ አንድ ዕቃ ብቻውን ማኅበረሰብ አይለውጥም አሉ። የኮለቲዬር ማስረጃ ለተቃዋሚዎቹ የሚያደላ ይመስለኛል። እርካቡ አለ፤ በእርካቡ ዙሪያ ያለው ኑሮ ግን የእርሻና የእጅ ሥራ ኑሮ ነው።

የእርካብ ቅርጽ ስለ ጋላቢው እግርም ይናገራል። በኢትዮጵያ በባዶ እግሩ የሚጋልብ ፈረሰኛ ትንሽ የብረት ቀለበት በአውራ ጣቱ ይይዝ ነበር፤ ሙሉ እግር የሚያስገባ እርካብ አያስፈልገውም። የአውሮፓው እርካብ ጫማ ላደረገ እግር የተሠራ ነው። በኮለቲዬር ደግሞ የቆዳ ጫማዎችም የጫማ ሰፊ ቁርጥራጮችም ከዚያው ደለል ወጥተዋል። እርካብ በአንድ ቤተ መዘክር፣ ጫማ በሌላ ቤተ መዘክር ቢቀመጡ ይህ ዝምድና አይታይም ነበር።

ተረከዝ ላይ የሚታሰረው ብረት በዚያ ዘመን አንድ ሹል ብቻ ነበረው። የሚሽከረከር ባለ ጥርስ መንኮራኩር ያለው ዓይነት የመጣው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በኋለኞቹ ምዕት ዓመታት ይህ ብረት የፈረሰኛ ማዕረግ ምልክት ሆኖ በሥነ ሥርዓት ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ይህን ዕቃ ያገኘ ተመራማሪ በኋላኛው ዘመን ዓይን ቢያየው ወዲያው የመኳንንት ቤት ነው ብሎ ይደመድማል።

ይህን ድምዳሜ የገታው የቦታ ምዝገባው ነው። ልጓሙና እርካቡ፣ የጦሩ ጫፍና እንደ ጠመንጃ ሰደፍ ያለው የቀስት መሣሪያ እንጨት፣ ከማጭድ፣ ከመጥረቢያ፣ ከመረብ ማስመጫ፣ ከእንዝርትና ከማበጠሪያ ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ ዘመን ውስጥ ተገኙ። የሰንጠረዥ ጠጠሮችና የሙዚቃ መሣሪያዎችም አብረው ወጡ። ግማሹን ለጌታ፣ ግማሹን ለሎሌ መድቦ በቅጥር መለየት አልተቻለም። የቁፋሮው መሪዎች ነዋሪዎቹን ፈረሰኛ ገበሬዎች ብለው ሰየሟቸው፤ በሰላም ቀን የሚያርሱ፣ የሚያጠምዱና ብረት የሚቀጠቅጡ፣ በጠብ ቀን ፈረስ የሚጭኑ ሰዎች።

ይህ በአውሮፓ ብዙ አነጋገረ። ለኛ አንባቢ የሚገርም አይመስለኝም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰበሰቡትን የአገው ፈረሰኞች ያየ ሰው ያጌጠ ፈረስ የሚጋልበው ሰው በማግስቱ ሞፈር እንደሚይዝ ያውቃል። የሁለቱ ማኅበረሰቦች ታሪክ ይለያያል፤ አንዱን በሌላው መተርጎም አይገባም። ቢሆንም ማረስና መጋለብ የማይገናኙ የሁለት ሰዎች ሥራዎች ናቸው የሚለው ሐሳብ ከኋላኛው ዘመን የባላባት ተረት የመጣ መሆኑን ለማየት ይረዳል።

የተሳካው

የዘመን አወሳሰኑ ተሳክቷል፤ ያውም ለአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። የኮለቲዬር የኮቴ ብረት፣ እርካብና ቁልፍ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አርባ ዓመታት ውስጥ ስለተወሰኑ፣ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ዕቃ የሚያገኝ ባለሙያ የሚያስተያይበት አስተማማኝ መለኪያ አግኝቷል። ይህ ለአጥኚዎች ትልቅ ስጦታ ነው። አብዛኛው የመካከለኛው ዘመን የፈረስ ዕቃ በግምት ሁለት መቶ ዓመት በሚሸፍን ሰፊ ወሰን ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

የቁፋሮው ትዕግሥትም ፍሬ አፍርቷል። በአንድ ክረምት ጠራርጎ ማውጣት ይቻል ነበር። የተመረጠው በየዓመቱ ቤተ ሙከራው ሊቀበል የሚችለውን ያህል ማውጣትና የቀረውን በደለሉ ውስጥ መተው ነው።

ዕቃዎቹም ከአገራቸው አልራቁም። ለረጅም ጊዜ በሻራቪን ሲታዩ ቆይተው በ2022 እዚያው ሐይቅ ዳር አዲስ ቤተ መዘክር ተከፈተላቸው። ውኃው ሥር ስላለችው ከተማ ከአያቶቹ የሰማ የአካባቢው ሕፃን ዕቃውን ከሐይቁ ፊት ለፊት ያየዋል።

ያልተሳካው

ሁሉንም እንጨት ማከም አልተቻለም። አንድ ካስማ ለማዳን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ከተለካ፣ ከተሣለና ለቀለበት ቆጠራ ናሙና ከተወሰደለት በኋላ ሊጠበቅ የሚችለው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን እንደ ውድቀት አላየውም፤ ዋጋው ግን መታወቅ አለበት። ነገ አዲስ የምርመራ ስልት ቢመጣ ለዚያ ሥራ የሚሆነው የቀረው ናሙና ብቻ ነው።

ዋናው ሳይንሳዊ ዘገባ የታተመው በ1993 ነው፤ ቁፋሮው በተጀመረ በ21 ዓመቱ ማለት ነው። ሥራው ስፋት እንዳለው አውቃለሁ። ቢሆንም በእነዚያ ዓመታት ሌሎች ግንቦችን ሲቆፍሩ የነበሩ ባለሙያዎች ሙሉውን መለኪያ በእጃቸው ማግኘት አልቻሉም። ከዓመት ዓመት የዕቃዎች ዝርዝር ብቻ እንኳ ቢታተም ኖሮ ብዙ ይጠቅም ነበር።

ፈረሰኛ ገበሬዎች የሚለው ስያሜም ከክርክር አላመለጠም። አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ፈረስ፣ ብረትና የሰንጠረዥ ጨዋታ ያለበት ቤት ከአሽከሮቹ ጋር አብሮ የሚኖር የትንሽ ባላባት ቤት ሊሆን ይችላል፣ ማጭዱን የያዘው እጅና ልጓሙን የያዘው እጅ አንድ መሆኑን ዕቃው አያረጋግጥም ብለው ተከራክረዋል። ተቃውሞው ክብደት አለው። የቦታ ምዝገባ ዕቃዎቹ አብረው እንደነበሩ ያሳያል፤ ባለቤታቸው አንድ ሰው መሆኑን ግን አያሳይም። እኔ የቁፋሮውን መሪዎች ትርጉም የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በግቢው ውስጥ ለጌታና ለሎሌ የተለየ ኑሮ የሚያሳይ ወሰን ስላልተገኘ። በስያሜው ላይ የጥያቄ ምልክት ቢቀር ግን አልቃወምም።

ሌላም ወሰን አለ። ነዋሪዎቹ ሲወጡ የሚረባቸውን ይዘው ሄደዋል ብሎ ማሰብ ይገባል። እኛ ያገኘነው የጠፋውን፣ የተሰበረውንና የተጣለውን ነው። ፈረስ፣ ደህና ኮርቻና ሰይፍ ያለው ሰው ውኃ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያወጣው እነዚህን ነው። ስለዚህ ከተገኘው ዕቃ ተነሥቶ ሀብታቸውን መለካት አይቻልም። ውድ ዕቃ አለመገኘቱ ድሃ ነበሩ ማለት አይደለም።

ወዴት እንደሄዱ በከፊል ይገመታል። ከሐይቁ በላይ ባሉ ኮረብታዎች ላይ ከዚያ ጊዜ ወዲህ በሰው እጅ በተከመረ አፈር ላይ የተሠሩ ምሽጎች ይነሡ ጀመር፤ ቆይቶም የድንጋይ ግንቦች ተከተሉ። ዛሬ ሺራን አጠገብ በኮረብታ ላይ ቆሞ የሚታየው ባለ አምስት ማዕዘኑ የክሌርሞን ግንብ ፍርስራሽ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ ጌታው ከላይ፣ ገበሬው ከታች ሆነዋል፤ በኮለቲዬር ያልተገኘው ወሰን በኮረብታው ላይ በድንጋይ ተሠርቶ ይታያል።

ለሌላ ሥራ የሚተላለፍ ትምህርት

ቦታው ከዕቃው በፊት ይመዝገብ። በግንብ ፍርስራሽ፣ በአሮጌ ገዳም ወይም በእርሻ መሬት የፈረስ ዕቃ ያገኘ ሰው በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ሳያነሣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ጥልቀቱንና በአጠገቡ ያለውን ሁሉ መጻፍ፣ ለሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ነው። ታጥቦና ተወልውሎ የመጣ እርካብ ብዙውን ታሪኩን አጥቶ ነው የሚመጣው። በዕቃ ቤት ለተቀመጡትም ይሠራል፤ ኮርቻው የማን እንደነበር ብቻ ሳይሆን ከምን ጋር ተቀምጦ እንደተገኘ፣ መቼና ከየት እንደመጣ በመዝገብ ይስፈር።

የሕክምናው ቦታ ሳይዘጋጅ ቁፋሮ አይጀመር። ቁፋሮ ገንዘብ ያገኛል፣ ፎቶግራፍም ይነሣበታል፤ የሕክምናው ሥራ ግን ሰው የማያየው፣ በጀትም የሚያንሰው ነው። ቢያንስ የመጀመሪያ እርዳታው ይታወቅ። ከእርጥብ ቦታ የወጣ ቆዳና እንጨት እርጥብ ሆኖ፣ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቆይ፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ብረት ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ከወጣ አይለያይ። ከመነካቱ በፊት በኤክስሬይ ይታይ፤ የዚያ ዘመን የፈረስ ብረት አንዳንዴ በቆርቆሮ ተለብጦ ያጌጣል፣ ልባጡም ዝገቱ ውስጥ ስለሚደበቅ በሽቦ ብሩሽ የሚፍቅ ሰው ሳያውቅ ጠርጎ ይጥለዋል።

አሮጌ እንጨት አይቃጠል። በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲታደስ የሚወርደው የጽድ አግዳሚ ለማገዶ ይሄዳል። የአገራችን ጽድ የዕድገት ቀለበት በባለሙያዎች ተጠንቷል፤ እንደ አውሮፓ ባሉጥ (ኦክ) ቀላል ባይሆንም በሬዲዮካርቦን፣ ማለትም በእንጨቱ ውስጥ በቀረው ካርቦን ዕድሜን በሚለካ ስልት ታግዞ የሕንፃን ዕድሜ ሊናገር ይችላል። ከእያንዳንዱ አግዳሚ አንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ፣ በተለይ ልጡ ያልተላጠበት ጫፍ፣ ከየትኛው የሕንፃው ክፍል እንደወረደ ተጽፎበት ደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ወጪው ትንሽ ነው።

ዘገባ በየጊዜው ይውጣ። ሙሉው ጥናት እስኪያልቅ መጠበቅ ዕቃውን ለሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነው። ፎቶግራፍ፣ ልኬትና የተገኘበት ቦታ የያዘ አጭር ዝርዝር በየዓመቱ ማውጣት ለአነስተኛ ተቋምም የሚከብድ አይደለም።

የመጨረሻው ትምህርት ካልተቆፈረው ነው። ግራንድ ሮዞና ፕሬ ዳርስ ዛሬም አብዛኛው ክፍላቸው በደለሉ ሥር ነው። የኮለቲዬር ውጤት ያማረ በመሆኑ እነዚያንም ለመክፈት የሚገፋፋ ነበር። ባለሙያዎቹ ግን ደለሉ እስካልተሸረሸረ ድረስ ከማንኛውም ቤተ መዘክር በተሻለ እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ከፈረሰኛ ገበሬዎች ክርክር የቀረውን ጥያቄ፣ ማለትም በሦስቱም መንደሮች ኑሮው እኩል ነበር ወይስ አንዱ ሌሎቹን ይገዛ ነበር የሚለውን፣ የሚመልሰው ማስረጃ ያለው በሁለቱ ውስጥ ነው። የማዕበሉን ሽርሸራ እየለኩ መጠበቅ፣ አደጋ ሲመጣ ብቻ መቆፈር፣ በዚያም ጊዜ ዛሬ በሌለን ስልት መሥራት ለእነዚህ መንደሮች የሚበጅ ዕቅድ ነው።